ስለ ወላድ እናቶችና ስለ ድንገተኛ ሕክምና ዕቅድ



ድንገተኛ ሕክምና ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የአምቡላንስን ጩኸትና ነጭ ካባ የለበሰውን ሐኪም ነው። በከተማ ለምንኖር ሰዎች ይህ ስሕተት ነው አይባልም። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ላይ ግን ከሁሉ የሚከብደው ከሐኪሙ ዘንድ እስኪደረስ ያለው ሰዓት ነው። የመንዝን ደጋ በደቡብ የሞፈር፣ በምዕራብ የአዳባይና የወንጪት ወንዞች ከጎረቤቶቹ ለይተውታል፤ ከአዲስ አበባ ወደ ዓለም ከተማ የሚሄድ መንገደኛም የጀማን ሸለቆ ወርዶ መውጣት ግድ ይሆንበታል። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ብርቱ የደም መፍሰስ ሳይታከም ከቀረ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። በባና የተጠቀለለችን ወላድ በቃሬዛ ተሸክሞ በሁለት ሰዓት ውስጥ ስንት ገደል ይወጣል?

እ.ኤ.አ. በ1994 ሲሪን ታዴየስና ዲቦራ ሜይን የተባሉ ሁለት ሴቶች እናቶችን ለሞት የሚያበቃውን መዘግየት በሦስት ከፍለው ጽፈዋል፤ ይኸውም ወደ ሕክምና ለመሄድ በመወሰን፣ ከሕክምናው ቦታ በመድረስ፣ ከደረሱም በኋላ ተገቢውን ርዳታ በማግኘት የሚደርስ መዘግየት ነው። እኛ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ዕቅድ ስናወጣ አሳባችን ወደ ሦስተኛው ያደላል፤ አልጋ፣ መድኃኒትና መኪና ለመቍጠር ይመቻሉና። የመጀመሪያው መዘግየት የሚፈጸመው ግን ባልና አማት በሚመካከሩበት በምድጃው ዳር ነው። እዚያ የሚሆነውን ከወላዷ ይበልጥ የሚያውቅ የለም።

በነሐሴ የትኛው መንገድ እንደሚቈረጥ፣ ስልክ የሚሠራው በየትኛው ጉብታ ላይ እንደ ሆነ፣ ባሏ ገበያ ቢውል ቃሬዛውን የሚያነሡት እነማን እንደ ሆኑ፣ ለመንገድ ወጪ የሚሸጠው በግ የማን እንደ ሆነ የምታውቀው እርሷ ናት። እነዚህን ሳይጠይቅ የወጣ ዕቅድ፣ ማኅተም ቢያርፍበትም እንኳ፣ እኩሌታው ባዶ ነው።

በአገራችን ለዚህ ሥራ የሚሆን መሠረት አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ፣ ነፍሰ ጡሮች በጤና ኬላ እየተሰበሰቡ ቡና ተፈልቶ የሚነጋገሩበት ጉባኤ በብዙ ቀበሌዎች ተለምዷል። በዚያም የሚያሠጉት ምልክቶች፣ ማለት ደም መፍሰስ፣ ብርቱ የራስ ምታት፣ የሰውነት መንቀጥቀጥ ይነገራሉ፤ ቀጥሎም እያንዳንዷ እናት የት እንደምትወልድ፣ ማን እንደሚከተላት፣ ደም ቢያስፈልግ ማን እንደሚሰጥላት ትናገራለች። ዋናው ቁም ነገር መናገሯ ነው። ቅጹን ሠራተኛዋ ብቻዋን ሞልታ ብታስቀምጠው ለሪፖርት ይበጃል እንጂ ለምጥ ቀን አይሆንም።

የእናቶች ማቆያ ነገርም እንዲሁ ነው። በጉራጌ አገር የአጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1976 እንዲህ ያለ ማረፊያ ከፍቶ፣ ከሩቅ የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች የመውለጃ ቀናቸውን በአጠገቡ ሆነው እንዲጠብቁ አድርጓል፤ ኋላም አሠራሩ በየጤና ጣቢያው ተስፋፋ። ይሁን እንጂ ቤቱ ተሠርቶ አልጋው ባዶ የሚቀርበት ጊዜ አለ። እናቶቹ ሲጠየቁ መልሳቸው ግልጽ ነው፤ ልጆቹን ማን ያብላልኝ፣ ላሟን ማን ይለብልኝ፣ እዚያስ ምን እበላለሁ ይላሉ። ይህን የሰሙ ጤና ጣቢያዎች ገንፎ የሚገነፋበትና ቡና የሚፈላበት ማድ ቤት ሠርተዋል። ለእኔ ይህ ማድ ቤት ከብዙ መመሪያ ይበልጣል።

በጥናት እንደ ተገመተው ከ100,000 ሕያው ልደት የሚሞቱት እናቶች ቍጥር በ1992 ዓ.ም. 871፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ 412 ነበር። በ2003 ዓ.ም. ከመቶ ወሊድ በሕክምና ቤት የተፈጸመው 10 ያህል ብቻ ሲሆን፣ በ2011 ዓ.ም. 48 ደርሷል። ለውጡ ሁሉ ከምክክር የመጣ ነው አይባልም፤ መንገድና አዋላጅ ነርስም በዝተዋል።

ከ2015 ዓ.ም. ፍጻሜ ወዲህ ግን በአማራ ክልል በደረሰው ግጭት መንገድ የተዘጋባቸው፣ አምቡላንስም ሊንቀሳቀስ ያልቻለባቸው ቀኖች ነበሩ። ስለዚህ በወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የምትሠሩ አንባቢዎች እናቲቱን አንድ ጥያቄ ጨምራችሁ ጠይቋት፤ «አምቡላንሱ ባይመጣስ?» በሏት። የዕድሩን ቃሬዛ የሚሸከሙትን ሰዎች በስም ትጥራ፤ እነርሱም ባሉበት ትጥራቸው፤ በእኩለ ሌሊት የሚቀሰቀሱት እነርሱ ናቸውና።