መስመሩ ሲቋረጥ ብቻውን ይሠራል ወይ?

ከመርጡለ ማርያም ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው መጨረሻው የዓባይ ገደል ነው። ወንዙ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን በምሥራቅና በደቡብ ይዞራታል፤ ደሴት ልትሆን ጥቂት የቀራት አገር ናት። ይኸው ውሃ ጢስ ዓባይ ላይ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በለስ ላይ ደግሞ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ መብራት ሆኗል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው።

«ታዲያ መብራት ለምን ይጠፋል?» ትሉኛላችሁ። ማመንጨትና ማድረስ ለየቅል ስለሆኑ ነው። ኃይሉ ወደ ብሔራዊ ቋት ይገባል፤ ከዚያ በማከፋፈያ ጣቢያ ተቀንሶ በምሰሶ ላይ ረጅም መንገድ ይጓዛል። አንዲት ከተማ የተንጠለጠለችው በአንድ መስመር ብቻ ከሆነ፣ ክረምት አንድ ምሰሶ የጣለ ዕለት ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ደሴት ይሆናል።

የደሴት መብራት ደግሞ ከባድ ነው! ኤሌክትሪክ እንደ ጤፍ ጎተራ ውስጥ አይከርምም፤ በተመነጨበት ቅጽበት መበላት አለበት። በአገሪቱ ቋት ላይ አንድ ወፍጮ ቤት ሞተሩን ቢያስነሳ ማንም አያውቅም። በአንዲት ጀኔሬተር በሚኖር መንደር ግን ወፍጮው ሲነሣ አምፖሉ ሁሉ ይደክማል። በባሕር መካከል ያሉ ደሴቶች በዚህ ላይ ናፍጣውን በመርከብ ያስመጣሉ።

የስፔኗ ኤል ኢየሮ ደሴት ያገኘችው መላ በጣም ደስ ይለኛል። ነፋስ ሲበረታ በትርፉ ኃይል ውሃ ወደ እሳተ ገሞራ አፍ ይገፋል፤ ነፋሱ ሲደክም ውሃው ቁልቁል ወርዶ ተርባይን ያዞራል። በዚህ ዘዴ ያለ ናፍጣ ሳምንታት ያለፉበት ጊዜ አለ።

ወደ እኛ አገር ስንመለስ፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም 35 በመቶውን ሕዝብ ከዋናው መስመር ውጭ፣ በአብዛኛው በፀሐይ፣ ለማዳረስ አቅዶ ነበር። ትክክለኛ መንገድ ነው እላለሁ፤ ግን መስመር ባለበትም ፀሐይ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፦ ከመስመር ጋር ብቻ እንዲሠራ የተገጠመ የፀሐይ ኃይል፣ መስመሩ ሲሞት በጠራራ ፀሐይም አብሮ ይጠፋል። እንዲያ የተሠራው ሆን ተብሎ ነው፤ ምሰሶ ላይ የወጣውን ጠጋኝ እንዳይገድል። ራሱን ከመስመሩ የሚነጥል ማብሪያ ማጥፊያና ባትሪ ሲጨመርለት ግን ለብቻው ይቆማል።

ስለዚህ ለጤና ጣቢያችሁ ወይም ለትምህርት ቤታችሁ ፀሐይ ሊተክሉ ሲመጡ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ይህን ጠይቁልኝ፦ መስመሩ ሲቋረጥ ብቻውን ይሠራል ወይ?