ስለ ጀልባ ሞተር መለወጥ፤ በአባያና በጫሞ ሐይቆች

ሰው ውሃን ለመሻገር ከጥንት ጀምሮ ልዩ ልዩ ብልሀት ሲፈልግ ኖሯል። የጣና ሰዎች ደንገልን አስረው ታንኳ ሠሩ፤ በአባያና በጫሞ ዳርቻ የሚኖሩት ደግሞ በውሃ ዳር የሚበቅለውን ቀላል እንጨት ጎን ለጎን ጠፍረው ዓሣ ያጠምዱበት፣ ከደሴት ወደ የብስ ይሻገሩበት ጀመሩ። በዛሬው ዘመን ግን በነዚህ በአርባ ምንጭ አጠገብ ባሉት ሁለት ሐይቆች ላይ ከጀርባቸው ሞተር የተሰቀለባቸው ጀልባዎች ይመላለሳሉ። አንዳንዶቹ ዓሣ አጥማጆችን ይጭናሉ፤ አንዳንዶቹም በጫሞ የአዞ ገበያ የሚባለውን ስፍራ ለማየት የሚመጡትን እንግዶች ይወስዳሉ።

ሞተር ግን እንደ በሬ ያረጃል። ባረጀም ጊዜ ባለቤቱ አሮጌውን በአዲስ ሊተካ ያስባል፤ የሚያገኘውም አዲስ ሞተር ብዙ ጊዜ ባለ አራት ምት የሚባለው ነው። ይህ ለውጥ አንዱን ዕቃ አንሥቶ ሌላውን እንደ ማስቀመጥ ቀላል ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ሳይመረምር የሚያደርገው ሰው ገንዘቡን ሊያጠፋ፣ ጀልባውንም ሊያሰጥም ይችላል። ነፋስ በተነሣ ጊዜ፣ ጉማሬና አዞ ባሉበት ውሃ መካከል ሞተሩ ቢቆም፣ ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የነፍስም ይሆናል። ስለዚህ ለውጡ እንዴት እንደሚደረግ ማወቅ ለባለ ጀልባው ብቻ ሳይሆን በሐይቁ ዳር ለሚኖር ሁሉ ይጠቅማል።

የሞተሮቹ አመጣጥ

ባለ አራት ምቱን ሞተር በጀርመን አገር ኒኮላውስ ኦቶ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1876 ሠራ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም የስኮትላንድ ተወላጅ የሆነው ዱጋልድ ክለርክ ባለ ሁለት ምት ሞተር አወጣ። ከኖርዌይ ወደ አሜሪካ የሄደው ኦሌ ኤቪንሩድ ደግሞ በ1909 በሚልዋኪ ከተማ ከጀልባ ጀርባ የሚሰቀል ሞተር እየሠራ ይሸጥ ጀመር፤ ይህም ሞተር ኀይሉ የ1 ፈረስ ተኩል፣ ክብደቱም 28 ኪሎ ያህል ነበረ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን በትንንሽ ጀልባዎች ላይ የሠለጠነው ባለ ሁለት ምቱ ነው፤ ቀላል፣ ርካሽና ለመጠገን የማያስቸግር ስለ ሆነ። በ1964 የጃፓኑ ሆንዳ ኩባንያ ባለ አራት ምት የጀልባ ሞተር ለገበያ አቀረበ፤ እየቆየም ሌሎች ኩባንያዎች ይህንኑ መንገድ ተከተሉ።

የሁለቱ ሞተሮች ልዩነት

የሞተርን አሠራር ለመረዳት የአንጥረኛን ወናፍ ማሰብ ይበቃል። ወናፉ ሲነሣ አየር ይስባል፤ ሲጫኑት ያወጣል። በሞተርም ውስጥ ሲሊንደር በሚባለው ቧንቧ መሰል ብረት ውስጥ ፒስተን የሚባለው ይወጣል ይወርዳል። ፒስተኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ጊዜ ቢሄድ አንድ ምት ይባላል።

በባለ አራት ምቱ ሞተር ሥራው በአራት ተከፍሏል። በመጀመሪያው ምት አየርና ቤንዚን ይሳባል፤ በሁለተኛው የተሳበው ይታመቃል፤ በሦስተኛው ካንዴላው እሳት ሰጥቶት ይፈነዳና ፒስተኑን ይገፋል፤ በአራተኛው ጢሱ ይወጣል። መግቢያውና መውጫው እያንዳንዳቸው በየጊዜያቸው የሚከፈትና የሚዘጋ በር አላቸው። የሚያለሰልሰውም ዘይት ከቤንዚኑ ተለይቶ ከሞተሩ በታች በራሱ ቋት ይቀመጣል።

በባለ ሁለት ምቱ ግን ይህ ሁሉ ሥራ በሁለት ምት ብቻ ይፈጸማል። አዲሱ ቤንዚን የሚገባውና የተቃጠለው ጢስ የሚወጣው በአንድ ጊዜ ስለ ሆነ፣ ካልነደደው ቤንዚን ከፊሉ ከጢሱ ጋር ሾልኮ ያመልጣል። በካርቡራተር በሚሠሩት አሮጌ ሞተሮች የሚያመልጠው እስከ አንድ አራተኛ፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይደርሳል። ለብቻው የተቀመጠ ዘይት ስለሌለው ደግሞ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ይደባለቃል፤ ብዙ ጊዜ ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ነው። በገጠር መንገድ ሰማያዊ ጢስ እያንቦለቦለ የሚያልፈውን አሮጌ ሞተር ብስክሌት ያየ ሰው ይህን ነገር በዓይኑ አይቶታል።

ሐይቁ ስለሚጎዳበት ምክንያት

የጀልባ ሞተር ጢሱን የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ በውሃ ውስጥ ነው። ስለዚህ ያመለጠው ቤንዚንና ዘይት በቀጥታ ወደ ሐይቁ ይገባል። አንድ ጀልባ በቀን 10 ሊትር ቤንዚን እያነደደ በዓመት 200 ቀን ቢሠራ 2,000 ሊትር ይጨርሳል፤ ከዚህም ጋር 40 ሊትር ዘይት ይደባለቃል። አንድ አራተኛው ሳይነድ ካመለጠ 500 ሊትር ቤንዚን ያለ ሥራ ጠፋ ማለት ነው። ባለቤቱ ለዚህ ሁሉ ገንዘብ ከፍሏል፤ ጀልባው ግን በዚህ አንድ ክንድ እንኳ አልተጓዘም።

አባያና ጫሞ ደግሞ ወደ ውቅያኖስ የሚወስድ መውጫ የላቸውም። ጫሞ ሞልቶ በሚተርፍበት ጊዜ እንኳ ትርፉ በሰገን ወንዝ በኩል ወደ ጨው ባሕር ይወርዳል እንጂ ከዚያ አያልፍም። ወራጅ ወንዝ የጣሉበትን ይዞ ይሄዳል፤ መውጫ የሌለው ሐይቅ ግን የተሰጠውን ይዞ ይቀመጣል። በአሜሪካ የሚገኘው የታሆ ሐይቅ ውሃም እንደዚሁ ከውቅያኖስ አይደርስም፤ የዚያ አገር ሹማምንት ይህን ዓይነቱን በካርቡራተር የሚሠራ ባለ ሁለት ምት ሞተር በ1999 ከሐይቁ ከልክለዋል።

ስለዚህ አዲስ ሞተር የገዛ ሰው አሮጌውን በዚያው ሐይቅ ላይ ለሚሠራ ጎረቤቱ ቢሸጠው፣ ለራሱ ተጠቀመ እንጂ ሐይቁን አላሳረፈም። ጢሱ ከአንዱ ጀልባ ወደ ሌላው ተዛወረ እንጂ አልጠፋምና።

ከመግዛት በፊት የሚመረመሩ ነገሮች

አንደኛ፤ ክብደት ነው። ባለ 40 ፈረስ የሆነው ባለ ሁለት ምት ሞተር ከ70 እስከ 75 ኪሎ ይመዝናል፤ የዚያው ኀይል ባለ አራት ምት ግን ከ95 እስከ 110 ኪሎ ይደርሳል። የጀልባው ጀርባ ሩብ ኩንታል ያህል ተጨማሪ ሸክም ይሸከማል ማለት ነው። ሞተሩ የሚሰቀልበት ሳንቃ የበሰበሰ ወይም ብየዳው የተሰነጠቀ ከሆነ አስቀድሞ ይጠገን። ከተሰቀለም በኋላ ጀልባው በስተኋላ ዝቅ እንዳይል የቤንዚኑ ማጠራቀሚያና ባትሪው ወደ ፊት ይዛወሩ። በመጨረሻም ሰው ሳይጫንበት በዳር ውሃ ይፈተን።

ሁለተኛ፤ ቁመት ነው። የሞተር እግር አጭሩ 38፣ ረጅሙ 51 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ከሚሽከረከረው ክንፍ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ብረት ከጀልባው ወለል ጋር ትክክል ወይም ጥቂት ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይገባል። እግሩ ካጠረ ክንፉ አየር እየመታ በከንቱ ይጮኻል፤ ከረዘመም ውሃውን እየጎተተ ቤንዚን ይጨርሳል።

ሦስተኛ፤ የአገሩ ከፍታ ነው። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣ ሰው ትንፋሹ እንደሚያጥረው ሁሉ፣ ሞተርም ከፍ ባለ አገር አየር ያንሰዋል። በየ100 ሜትሩ ከኀይሉ ከመቶ አንድ ያህል ይቀንሳል። ጫሞ ከባሕር ወለል በላይ 1,100 ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ ባለ 40 ፈረስ የተባለው በዚያ የሚሠራው የ35 ወይም የ36 ፈረስ ያህል ነው። ይህን ያወቀ ገዥ ጥርዙ አነስ ያለ ክንፍ ያስመርጣል፤ ሞተሩም ሳይጨነቅ ይዞራል።

አራተኛ፤ መለዋወጫና ባለሙያ ነው። ባለ ሁለት ምቱን በመንደር ያለ ብልህ ሰው ሊፈታው ይችላል። ባለ አራት ምቱ ግን ብዙ ክፍል ያለው ስለ ሆነ የተማረ መካኒክ ይፈልጋል። ስለዚህ ባለ ጀልባዎች በማኅበር ሆነው አንድ ዓይነት ሞተር ቢገዙ፣ መለዋወጫውን በአንድነት ለማስቀመጥና ከመካከላቸው አንዱን ለማስተማር ይመቻቸዋል።

ልማድን ስለ መለወጥ

ከሁሉ የሚከብደው ግን ይህ ነው። «የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ» እንደሚባለው፣ ብዙ ዓመት ቤንዚን ከዘይት ሲደባልቅ የኖረ ሰው እጁ ሳያስበው ወደ ዘይቱ ጣሳ ይሄዳል። ለባለ አራት ምት ሞተር ግን በቤንዚኑ ውስጥ ዘይት አይጨመርም፤ ካንዴላውን ያቆሽሻል፣ ጢስም ያበዛል። ከዚህ የባሰውም ሌላው ስሕተት ነው፤ በራሱ ቋት ያለውን ዘይት ሳይመለከቱ ማስነሣት። ዘይት ያለቀበት ሞተር በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ብረቱ ከብረት ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ስለዚህ ሞተሩ ቀጥ ብሎ እንደ ቆመ በየማለዳው የዘይቱ መጠን ይታይ።

አዲሱ ሞተር በመጀመሪያዎቹ 10 ሰዓታት ባለ ኀይሉ ሁሉ አይነዳ። ዘይቱም ብዙ ጊዜ ከ20 ሰዓት ሥራ በኋላ፣ ከዚያም በየ100 ሰዓቱ ይለወጣል። ሞተሩ ተነሥቶ በመኪና ሲጫን በማናቸውም ጎን አይተኛ፤ ሠሪዎቹ ባመለከቱት ጎን ብቻ ይተኛ፤ አለዚያ ዘይቱ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። በጄሪካን የሚመጣው ቤንዚን ቆሻሻና ውሃ ስለማይጠፋው ተጣርቶ ይቀዳ።

የአባያ ውሃ ቀይ የሆነው ወንዞች በሚያወርዱት አፈር ነው። ሞተሩም ራሱን የሚያቀዘቅዘው የሐይቁን ውሃ ስቦ ስለ ሆነ፣ ያ አፈር በውሃ መሳቢያው ውስጥ ያለውን የጎማ ክንፍ እየፈገፈገ ይበላዋል። በሞተሩ ጎን የሚፈሰው ቀጭን ውሃ የጤንነቱ ምልክት ነው፤ እርሱ ከቆመ ሞተሩ ወዲያው ይጥፋ። ስለዚህ ነጂው ቀዘፋ ሳይዝ ከዳር አይነሣ።

የተቃጠለው ዘይት በሐይቁ ዳር የፈሰሰ እንደ ሆነ ግን የለውጡ ጥቅም ሁሉ ከንቱ ሆነ። በጄሪካን ተጠራቅሞ ወደ ከተማ ጋራዥ ይወሰድ።

ለአስተማሪዎች

ይህን ትምህርት በሦስት ቀላል ነገር ማሳየት ይቻላል። መርፌ የሌለውን ሲሪንጅ አፉን በአውራ ጣት ዘግቶ ማስጫን፤ ተማሪው መታመቅ ምን እንደ ሆነ በእጁ ያውቀዋል። በሰፊ ሳሕን ውሃ ላይ አንድ ጠብታ የሞተር ዘይት መጣል፤ አንዷ ጠብታ ምን ያህል እንደምትሰፋ ያያል። የአባያን ውሃ በጠርሙስ ቀድቶ ማሳደር፤ በማግሥቱ በጠርሙሱ ሥር የተቀመጠው ጭቃ የውሃ መሳቢያው ለምን እንደሚያልቅ ይነግረዋል።

የሀገር ሽማግሎችም ባለ ጀልባዎች በተሰበሰቡ ጊዜ ይህን ቢያነቡላቸው መልካም ነው። አዲስ ሞተር በገንዘብ ይገዛል፤ እርሱን የሚያኖረውና ሐይቁን የሚጠብቀው ግን የነጂው ጥንቃቄ ነው፤ ይህም በትምህርት እንጂ በገንዘብ አይገኝም።