ለቤት እባብ ቀለቡ ምን ይሁን?

በአሜሪካና በአውሮፓ እባብ በቤት ማሳደግ እንግዳ ነገር መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። አሳዳጊው በአብዛኛው ቀለቡን የሚሸምተው በረዶ ከሆነ አይጥ ነው፤ ፀጉር ካላበቀለው ግልገል አንስቶ እስከ ትልቁ አይጠ መጎጥ ድረስ በየመጠኑ ተለይቶ ይሸጣል። ይህ ምቾት ግን እባብ ሁሉ አይጥ በል ነው የሚል ግምት አብሮ አምጥቷል። ግምቱ ስህተት ነው። ተስማሚውን ቀለብ በቅድሚያ የሚወስነው የእባቡ ዝርያ ነው፤ የመጠንና የአቀራረብ ጥያቄ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆኑት የካሊፎርኒያ ጋርተር እባቦች ናቸው። ተመራማሪው ስቴቫን አርኖልድ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ ዝርያቸው አንድ ሆኖ መኖሪያቸው የተለያየ እባቦችን አነጻጽሯል። እርጥበት በማይለየው የባሕር ዳርቻ ያሉት ቅርፊት የሌለውን ቀንድ አውጣ ይበላሉ፤ ከባሕሩ ርቀው የሚኖሩት፣ ቀንድ አውጣው በአካባቢያቸው ስለሌለ፣ አያውቁትም። ገና የተወለዱ፣ ምንም ያልቀመሱ ግልገሎች የቀንድ አውጣው ጠረን ያለበት ጥጥ ሲቀርብላቸው የዳርቻዎቹ ምላሳቸውን ደጋግመው አወጡ፤ የሌሎቹ አብዛኞች ግን ችላ አሉት። በአንድ ዝርያ ውስጥ እንኳ ምርጫው አብሮ የሚወለድ ከሆነ፣ በዝርያዎች መካከል ያለውን ልዩነት መገመት አያዳግትም። በኢትዮጵያም የሚገኘው እንቁላል በል እባብ የወፍ እንቁላል ውጦ፣ ወደ ጉሮሮው በሾሉ የጀርባ አጥንቶቹ ይሰብረዋል፤ ፈሳሹን አስቀርቶ ቅርፊቱን ይተፋል። ጥርሱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ለእሱ አይጥ ምግብ አይደለም፤ ለትንንሾቹ የድርጭት እንቁላል እንኳ ይበዛባቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሳል፦ አብዛኞቹ የቤት እባቦች፣ በተለይ ኮርን ስኔክና ቦል ፓይተን የሚባሉት፣ በአይጥ ብቻ እየኖሩ ዓመታት ይቆጥሩ የለም ወይ? ይቆጥራሉ። ምክንያቱ ግን አይጡ ሙሉ እንስሳ መሆኑ ነው፤ ካልሲየሙ ከአጥንቱ፣ ቫይታሚን ኤው ከጉበቱ ይገኛል። የበሬ ሥጋ ቆርጦ የሚሰጥ ሰው ካልሲየሙን ጥሎ ጡንቻውን ብቻ እያበላ ነው። በዚያው ልክ ተፈጥሮን ተከተልሁ ብሎ ለጋርተር እባብ ወርቃማ ዓሣ ብቻ የሚሰጥም ይሳሳታል፤ ይህ ዓሣ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ኢንዛይም ስላለው እባቡ ውሎ አድሮ ይንቀጠቀጣል። ቦል ፓይተንም ቢሆን በዱር አይጥ ብቻ አይበላም። ናይጄሪያ ውስጥ በተደረገ ጥናት ትንንሾቹ በአብዛኛው ወፍ፣ ትልልቆቹ ደግሞ አጥቢ እንስሳ ሲበሉ ተገኝተዋል። ስለዚህ አይጥ እምቢ ያለ ፓይተን የግድ ታሟል ማለት አይደለም፤ ጤነኛውም ቢሆን ወራት የሚጾምበት ጊዜ አለ። መጠኑን በተመለከተ ብዙ የሚያከራክር ነገር የለም፦ የቀለቡ ውፍረት ከእባቡ ወፍራም ቦታ ብዙ አይብለጥ፤ ከበለጠ፣ ወይም ማደሪያው ከቀዘቀዘ፣ የዋጠውን ይመልሰዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ክርክር አይጡ በሕይወቱ ይሰጥ ወይስ ሞቶ የሚለው ነው። በዱር የሞተ የሚያቀርብለት ማን አለ? ይላሉ፣ አይጥ በሕይወቱ የሚጥሉ። ነገር ግን በዱር ሁለቱም መሸሻ አላቸው። በመስታወት ሣጥን ውስጥ ያልራበው እባብ ዝም ሲል የራበው አይጥ ጀርባውን ያኝከዋል፤ አጥንት እስኪታይ ድረስ የተበላ እባብ ለእንስሳት ሐኪሞች አዲስ አይደለም። እርግጥ የሞተ ነገር አልነካም የሚል ግልገል አንዳንዴ ያጋጥማል፤ ያ ግን ሰው ዐይኑን ሳይነቅል ሊከታተለው የሚገባ ልዩ ሁኔታ እንጂ ደንብ አይደለም። ከግቢ የተያዘ አይጥ ደግሞ ጥገኛ ተውሳክ ወይም የበላውን የአይጥ መርዝ ይዞ ሊመጣ ይችላል። በረዶውም ቢሆን ሁሉን አያነጻም፤ ሳልሞኔላ ቅዝቃዜን ስለሚቋቋም እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ውስጥ ሰው ታሞ፣ ለገበያ የወጣ የቀለብ አይጥ እንዲሰበሰብ ተደርጓል። ስለዚህ አይጡ ከሰው ምግብ ተለይቶ ይቀመጥ፤ ማይክሮዌቭ ውስጥ ሳይገባ ሌሊቱን በፍሪጅ በረዶው ይልቀቀው፤ ከዚያ በሞቀ ውኃ ተነክሮ በመቆንጠጫ ይቅረብ፤ እጅም በሳሙና ይታጠብ።