«ልጄ» ያለው ማን ነው?

በደብዳቤ ላይ «ልጄ» የሚለውን ቃል ብቻ ብናነብ ጸሐፊው አባት ይሁን እናት ለይተን ለማወቅ አንችልም። በጥንታዊው የቱፒ ቋንቋ ግን ቃሉ ራሱ ይነግረናል።

ቱፒ በ16ኛው ምእተ ዓመት በብራዚል የባሕር ዳርቻ በሰፊው ይነገር የነበረ፣ በኋላም ከሚሲዮናውያንና ከሰፋሪዎች ጋር ወደ አማዞን ወንዝ አገር ዘልቆ የብዙ ነገዶች መግባቢያ የሆነ ቋንቋ ነው። ዦዜ ዴ አንሼታ የተባለ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ሰዋስውን ጽፎ በ1595 (በአውሮፓ አቆጣጠር) አሳተመ።

በዚህ ቋንቋ የአባት ወንድ ልጅ «ታእራ»፣ ሴት ልጁ «ታይራ» ይባላሉ። የእናት ልጅ ግን ወንድም ሆነ ሴት «ሜምብራ» ነው። እንግዲህ «ልጅ ምን ይባላል?» ብሎ ለሚጠይቅ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ መልሱ «የማን ልጅ?» የሚል ጥያቄ ይሆንበታል።

የቃላቱም አመሠራረት ይህንኑ ይከተላል። ባለቤቱ ሲጠቀስ የቃሉ መነሻ «ተ» ወደ «ረ» ይለወጣል። «ታእራ» የነበረው «ሼ ራእራ» (ልጄ) ይሆናል። አባት «ቱባ» ነው፤ አባቴ ግን «ሼ ሩባ»፣ የፔድሮ አባትም «ፔድሮ ሩባ» ይባላል። «ሜምብራ» ግን መነሻው «ተ» ስላልሆነ አይለወጥም። ስለዚህ ወንጌልን ወደ ቱፒ የሚተረጉም ሰው ይህን ሳያውቅ ብዕር ቢያነሣ ይሳሳታል፤ ክርስቶስ ለአብ «ራእራ»፣ ለማርያም ግን «ሜምብራ» ነውና።

ሚስቴ ለማለት «ሼ ሬሚሬኮ» ይባላል፤ «ከእኔ ጋር የማኖራት» እንደማለት ነው። በመጨረሻው ላይ «ራማ» ሲጨመር «ሼ ሬሚሬኮራማ»፣ ማለት ወደፊት ሚስቴ የምትሆነው፣ ይሆናል። ስሙ እንደ ግስ የወደፊት ጊዜን ይዟል ማለት ነው።

በ1757 የፖርቱጋል መንግሥት ለአማዞን ግዛቱ ባወጣው መመሪያ ሕፃናት በትምህርት ቤት ፖርቱጋልኛ ብቻ እንዲናገሩ አዘዘ። ቋንቋው ግን ፈጽሞ አልጠፋም። ከእርሱ የተወለደውና ስሙ «መልካም ንግግር» ማለት የሆነው ኜንጋቱ፣ በ2002 በሪዮ ኔግሮ ወንዝ ዳር ባለችው በሳኦ ጋብሪኤል ዳ ካሾኤይራ ከቱካኖና ከባኒዋ ቋንቋዎች ጋር በሕግ ታወቀ። በ2023ም የብራዚል ሕገ መንግሥት በኜንጋቱ ተተርጉሞ ወጣ።

አንድ ቋንቋ ሲከለከል የሚከለከለው ድምፅ ብቻ አይደለም፤ እናት ልጇን የእኔ ብላ የምትጠራበት፣ አባት ሊጋራት የማይችለው ቃል ጭምር ነው።