ያገለገለ ኒሳን ሊፍ፦ ዕድሜው፣ ችግሩና ወጪው

ኒሳን ሊፍ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2010 በጃፓንና በአሜሪካ ለገበያ የቀረበ፣ በብዛት ከተመረቱት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። በጃፓን፣ በአሜሪካና በእንግሊዝ ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና በቅናሽ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። የመርከሱ ምክንያት ከወለሉ ሥር ተቀምጧል። ሞተሩ ለዓመታት ብዙም አያስቸግርም፤ ፍሪሲዮን የለውም፤ ካምቢዮውም ባለ አንድ ማርሽ ነው። የሚያረጀው ባትሪው ነው።

የመጀመሪያው ሊፍ ባትሪ 24 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ሲሆን ወደ 300 ኪሎ ይመዝናል። ውስጡ 192 ስስ የሊቲየም ሴሎች አሉ። ሴሎቹ አራት አራት ሆነው በ48 ጠፍጣፋ የብረት ሣጥኖች ታሽገዋል፤ ሁለት ሁለት ሆነው ስለተጣመሩ የመኪናው ኮምፒውተር የሚያያቸው እንደ 96 ጥንድ ነው። ኒሳን ሞተሩን በፈሳሽ እንዲቀዘቅዝ አድርጎ ሲሠራ ለባትሪው ግን ውሃም ማራገቢያም አላበጀለትም። ከአስፋልቱና ከአየሩ የሚመጣውን ሙቀት ባትሪው እንዳለ ይቀበላል። ውሳኔው መኪናውን ቀላልና ርካሽ አድርጎታል፤ ዕዳው ግን የተረፈው ለሁለተኛና ለሦስተኛ ገዢ ነው።

ጉዳቱ ቀድሞ ጎልቶ የታየው በአሪዞና ነው። በጋው ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚያልፍበት በፊኒክስ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ገና ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ሊፎች የባትሪ ባር ማጣት ጀመሩ። በዳሽቦርዱ ቀኝ ጠርዝ 12 ትናንሽ ባሮች ተደርድረዋል፤ የሚያሳዩት የዕለቱን ቻርጅ ሳይሆን ባትሪው ከአዲስነቱ አንጻር ምን ያህል መያዝ እንደሚችል ነው። የመጀመሪያው ባር የሚጠፋው አቅሙ 15 በመቶ ያህል ሲቀንስ ነው፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ባር 6 በመቶ ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ ስምንት ባር የቀረው መኪና የአቅሙን ሲሶ አጥቷል። የ2011 ሞዴል በአሜሪካ መንግሥት ልኬት አዲስ እያለ በአንድ ቻርጅ 117 ኪሎ ሜትር ይሄድ ነበር፤ ስምንት ባር ላይ ሲደርስ 80ም አይሞላም። ባለቤቶቹ ክስ ከመሠረቱ በኋላ ኒሳን በአሜሪካ የአምስት ዓመት ወይም የ60,000 ማይል ዋስትና ሰጠ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ባሩ ከዘጠኝ በታች ከወረደ ባትሪውን ይጠግን ወይም ይቀይር ነበር። ያ ዋስትና ዛሬ በቀደምት ሞዴሎች ሁሉ ላይ አብቅቷል።

ጉዳቱ ከሙቀት የሚመጣ ስለሆነ በሊፍ ላይ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ብዙ አይናገርም። በቀዝቃዛ አገር 120,000 ኪሎ ሜትር የሄደ መኪና፣ በረሃ ውስጥ ቻርጁ ሞልቶ ፀሐይ ላይ ሲቆም ከኖረና የዚህን ግማሽ ብቻ ከሄደ መኪና የተሻለ ባትሪ ሊኖረው ይችላል።

ባሩም ቢሆን ብቻውን አይታመንም። የባትሪው ተቆጣጣሪ ትውስታ በመሣሪያ ሊጠፋ ስለሚችል፣ ያረጀ ባትሪ ለጥቂት ሳምንታት 12 ባር እያሳየ ሊሸጥ ይችላል። አስተማማኙ ምርመራ ሁለት ደረጃ አለው። ከመሪው ሥር ባለው ሶኬት ላይ ትንሽ የብሉቱዝ መሣሪያ ይሰካና በስልክ ላይ ሊፍ ስፓይ የሚባለው መተግበሪያ ይከፈታል። በስክሪኑ ላይ 96 ቀጫጭን ዘንጎች ይወጣሉ። ባትሪው ጤነኛ ከሆነ እንደ ተከረከመ አጥር እኩል ይቆማሉ፤ የደከመ ጥንድ ካለ ከመካከላቸው ጎድሎ ይታያል። ጉድለቱ በደንብ የሚለየው ቻርጁ ወደ ሩብ ወርዶ መኪናው ዳገት ሲወጣ ነው፤ ሻጭ ሞልቶ ባቆመው መኪና ላይ አይታይም። ሁለተኛው ደረጃ ባትሪውን ሞልቶ፣ ርቀቱ በሚታወቅ መንገድ ግማሹ እስኪያልቅ መንዳት ነው። መንገዱ አይዋሽም።

አንድ ጥንድ ሴል ብቻ ሲደክም ሌሎቹ ደህና ቢሆኑም መኪናው የሚሄደው በደካማው ልክ ነው። ገና 30 ኪሎ ሜትር ይቀራል ሲል የነበረው ቁጥር በድንገት ይወድቃል፣ ዳሽቦርዱ ላይ የኤሊ ምልክት ይበራል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። ይህ ግን የሚጠገን በሽታ ነው። ባትሪው ወርዶ ይከፈትና የደከመው ሣጥን፣ ከተጋጨ ሊፍ በተገኘና አቅሙ በሚመጣጠን ሌላ ይተካል። በብርቱካንማ ኬብሎቹ ውስጥ ያለው ወደ 400 ቮልት የሚጠጋ ገዳይ ኃይል ስለሆነ፣ ሥራውን የከፍተኛ ቮልቴጅ ሥልጠናና ጓንት የሌለው መካኒክ ሊነካው አይገባም።

ከ2015 ሞዴል ጀምሮ ሙቀትን የተሻለ የሚችል ባትሪ ስለገባ፣ ከባለ 24ቱ መካከል የሚመረጠው ይኸው ነው። በ2016 ባለ 30፣ በ2018 ባለ 40፣ በ2019 ባለ 62 ኪሎዋት ሰዓት መጡ። ባለ 40ው በአንድ ቻርጅ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ነገር ግን ማቀዝቀዣ ስለሌለው በረጅም ጉዞ በፈጣን ቻርጅ ሲደጋገም ይሞቅና ቻርጁ ይንቀራፈፋል። እ.ኤ.አ. በ2024 ኒሳን በአሜሪካ ለ2019 እና ለ2020 ሞዴሎች የጥገና ጥሪ አውጥቶ፣ በእሳት ስጋት ምክንያት ፈጣን ቻርጅ እንዳይጠቀሙ መክሯል። የሻሲ ቁጥሩ በዚያ ጥሪ ውስጥ መኖር አለመኖሩ ከክፍያ በፊት መጣራት አለበት።

ሌላው ጣጣ ሶኬቱ ነው። የእነዚህ ሊፎች ፈጣን ቻርጅ ቻዴሞ የሚባለው የጃፓን ዓይነት ሲሆን ከአሜሪካና ከአውሮፓ ጣቢያዎች እየጠፋ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ካገደች ወዲህ የሚገቡት በአመዛኙ ሶኬታቸው ሌላ የሆነ የቻይና መኪናዎች ስለሆኑ፣ እዚያ ሊፍ የያዘ ሰው የሚተማመነው በቤቱ ቆጣሪ ነው። ከአሜሪካ የመጣው ኬብል ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ሊሆን ስለሚችል በ220 ቮልት ሶኬት ላይ ከመሰካቱ በፊት ጽሑፉ ይነበብ። በ3.3 ኪሎዋት ባዶው ባለ 24 ባትሪ እስኪሞላ ስምንት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ማታ ተሰክቶ ጠዋት ይነቀላል። ባትሪ ሙቀት የሚፈራ በመሆኑ ለእንዲህ ያለው መኪና የአዲስ አበባ አየር ከድሬዳዋ አየር በእጅጉ ይስማማዋል።

የዕለት ወጪው እውነትም ቀላል ነው። ቀደምቱ ሊፍ 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ከሶኬት 21 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ይህን በአገሩ ታሪፍ ማባዛት ወጪውን ይሰጣል። የሞተር ዘይት፣ የዘይት ፊልትሮና ካንዴላ የሉትም። መኪናው ፍጥነት ሲቀንስ ሞተሩ ራሱ ኤሌክትሪክ እያመነጨ ስለሚይዘው የፍሬን ሸራ ረጅም ዕድሜ አለው፤ ብዙ ስለማይሠራ ግን ዲስኩ ሊዝግ፣ ካሊፐሩም ሊጣበቅ ይችላል። ጎማ በክብደቱና በፈጣን አነሳሱ ምክንያት ቶሎ ያልቃል። ትንሿ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ስትደክም ደግሞ ትልቁ ባትሪ ሞልቶ እያለ እንኳ መኪናው አልነሳም ይላል፣ ዳሽቦርዱም በማስጠንቀቂያ መብራት ይሞላል። ብዙ ባለቤቶች የተደናገጡበት ይህ ችግር የሚፈታው በርካሽ አንድ ባትሪ በመቀየር ነው።

ትልቁ ባትሪ ሲያልቅ ግን ሒሳቡ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2014 ኒሳን በአሜሪካ ለአዲስ ባለ 24 ባትሪ የጠየቀው 5,499 ዶላር ነበር፤ የሠራተኛ ዋጋ ሳይጨመር፣ አሮጌው ባትሪም ተመልሶ። ዛሬ አንድ ቀደምት ሊፍ ራሱ ከዚህ ባነሰ ዋጋ ይሸጣል። ስለዚህ ብዙ ባለቤቶች የሚመርጡት ከተጋጨ መኪና የወጣ ባትሪ ወይም የታደሰ ባትሪ ነው። በጃፓን ኒሳንና ሱሚቶሞ በጋራ ያቋቋሙት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2018 በፉኩሺማ ግዛት ናሚዬ ከተማ የማደሻ ፋብሪካ ከፍቷል። ከመኪና የወረደ ባትሪ የአቅሙ ግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ስለሚቀረው የፀሐይ ኃይል ለማጠራቀም ይፈለጋል፤ የሚቀይር ሰው አሮጌውን በነጻ ለጋራዡ ከመተው ይልቅ ዋጋውን ከሒሳቡ ላይ ማስቀነስ ይችላል።