ለጉዳይ ወደ ጎንደር የሚወጣ የቆላ ሰው በፒያሳ ሰፈር ምን ያያል?

ኮኪት፦ ከመተማ፣ ከኮኪትና ከገንዳ ውኃ ወደ ጎንደር የሚወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጉዳይ ይዞ ነው የሚሄደው። አንዱ ሕመምተኛ አስከትሎ ወደ ሆስፒታል፣ ሌላው የትራክተር መለዋወጫ ፍለጋ፣ ሌላው ልጁን ዩኒቨርሲቲ ለማድረስ ይጓዛል። ጉዳዩ ሲያልቅ በቀጥታ ወደ መናኸሪያ ይመለሳል። ከተማ መጎብኘት ካሜራ ያንጠለጠለ የሩቅ እንግዳ ሥራ ብቻ ተደርጎ ይታሰባል።

ይህ ጽሑፍ ወረፋ በሚጠበቅበት ግማሽ ቀን በእግር ሊታይ የሚችለውን የፒያሳን ሰፈርና አካባቢውን ያስረዳል። የሰፈሩ ታሪክ ከቆላው መንገድ ጋር የተሳሰረ በመሆኑ ለዚህ አካባቢ ነዋሪ ጉብኝቱ የባዕድ ነገር አይደለም።

የጥንት እንግዶች የመጡበት መንገድ

ዛሬ ከኮኪት ተነስቶ በገንዳ ውኃ፣ በነጋዴ ባሕርና በአይከል አልፎ አዘዞ ላይ ከባሕር ዳሩ መንገድ ጋር የሚገናኘው አስፋልት የጥንቱን የንግድ አቅጣጫ የተከተለ ነው። ነጋዴ ባሕር የሚለው ስም ራሱ ይህንኑ ያስታውሳል። ጎንደርን ለውጭው ዓለም ካስተዋወቁት ጎብኚዎች መካከል ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ በ1691 ዓ.ም. ወደ ከተማዋ የገባው ከግብፅ ተነስቶ፣ በሱዳን ሴናር በኩል አልፎ ነው። የመጣውም አፄ ኢያሱ ቀዳማዊን እንዲያክም ተጠርቶ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ በ1762 ዓ.ም. በምጽዋ በኩል ቢገባም ወደ አገሩ ሲመለስ የወረደው በዚሁ በቆላው በኩል ነው፤ የመተማ አካባቢ በዚያን ጊዜ ራስ አል ፊል ይባል ነበር።

መንገዱ ያመጣው እንግዳና ሸቀጥ ብቻ አይደለም። በ1880 ዓ.ም. የመሐዲስቶች ጦር ከመተማ አቅጣጫ ዘልቆ ጎንደርን አቃጥሏል፤ ብዙ አብያተ ክርስቲያናትም ወድመዋል። ከጥፋቱ ከተረፉት አንዱ በሥዕሎቹ የታወቀው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። በቀጣዩ ዓመት፣ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ መተማ ላይ ወደቁ። የድንበር ከተማዋ እስከ ዛሬ መተማ ዮሐንስ ተብላ ትጠራለች። ስለዚህ መተማን የሚያውቅ ሰው በጎንደር የሚያየው የአንድን ታሪክ ሌላ ጫፍ ነው።

ከጃን ተከል ይጀምሩ

የእግር ጉዞው ጥሩ መነሻ ጃን ተከል አደባባይ ነው። በነገሥታቱ ዘመን አዋጅ የሚነገርበት፣ ፍርድ የሚሰጥበት ሜዳ ይኸው ነበር። ትልቁ ዋርካ ዛሬም እዚያው ቆሞ ጥላውን ይሰጣል። ለቆላ ሰው ዋርካ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሽማግሌ የሚቀመጥበት፣ ጉዳይ የሚታይበት ዛፍ መሆኑን ከቤቱ ያውቀዋል። እዚህ ግን ከጀርባው የቤተ መንግሥት ግንብ አለ።

አፄ ፋሲለደስ ጎንደርን መናገሻ ያደረጓት በ1628 ዓ.ም. ነው። በእሳቸውና በተከታዮቻቸው የተሠሩት ግንቦች በአንድ አጥር ውስጥ ይገኛሉ። የአጥሩ ዙሪያ 900 ሜትር ያህል ሲሆን 12 በሮች ነበሩት፤ እያንዳንዱ በር የየራሱ ስምና አገልግሎት ነበረው። ፋሲል ግቢ በ1972 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በግቢው ውስጥ ጣሪያቸው የፈረሰ ግንቦችን ያያሉ። አንዳንዶቹ የተጎዱት በ1933 ዓ.ም. አካባቢ፣ ኢጣሊያኖች ግቢውን ይዘውት ሳለ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች በጣሉት ቦምብ ነው።

ግንቦቹ የተሠሩት በድንጋይና በኖራ ነው። በጎንደር የግንባታ ሥራ የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ ግንበኞች ትልቅ ድርሻ እንደነበራቸው ይታወቃል። ግድግዳው እጅግ ወፍራም በመሆኑ በቀትር ከውጭ ወደ ውስጥ ሲገቡ ቅዝቃዜው ወዲያው ይሰማል።

ፒያሳ ማን ሠራት? ለማንስ?

ከግቢው ወጥተው ወደ ፖስታ ቤቱ አቅጣጫ ሲያዘግሙ የሕንፃው መልክ ይለወጣል። ጠርዛቸው የተጠጋጋ፣ መስመራቸው ቀጥ ብሎ የተዘረጋ፣ ከታች ሱቅ ከላይ መኖሪያ ወይም ቢሮ የሆኑ ቤቶች በሰፊው ጎዳና ግራና ቀኝ ይሰለፋሉ። ይህ ከ1928 ዓ.ም. በኋላ በኢጣሊያ ወረራ ዘመን የተሠራው ሰፈር ነው። ፒያሳ በኢጣሊያንኛ አደባባይ ማለት ነው። የከተማዋን አዲስ ዕቅድ ካወጡት ባለሙያዎች ዋነኛው ጌራርዶ ቦዚዮ የተባለ የሕንፃ ንድፍ ሊቅ ነበር።

ውበቱን የሚያደንቅ ጎብኚ ዓላማውንም ማወቅ ይገባዋል። ዕቅዱ ነጩ ለብቻው፣ ሀገሬው ለብቻው እንዲኖር የሚከፋፍል ነበር። ጎዳናው የተዘረጋው ዛሬ በነፃነት ለሚመላለሱበት ሰዎች ታስቦ አልነበረም። ሆኖም ወራሪው ብዙ አልቆየበትም፤ በምሥራቅ አፍሪካ የነበረው የመጨረሻው የኢጣሊያ ጦር በጄኔራል ናሲ መሪነት እጁን የሰጠው በዚችው በጎንደር፣ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ሕንፃዎቹ የባለአገሩ ሱቅ፣ ቢሮ፣ ሆቴልና ቡና ቤት ሆነው ኖረዋል።

የዚያ ዘመን አሻራ በድንጋይ ብቻ አልቀረም። በቆላው የትራክተር ጥገና ቦታዎች በየቀኑ የሚነገሩት ካቻቢቴ፣ ቡሎን፣ ፍሪሲዮን፣ ጎሚስታ፣ እንዲሁም በየቤቱ ያለው የፉርኖ ዱቄት ስማቸው የኢጣሊያንኛ ነው። በፒያሳ አንድ ማኪያቶ አዝዘው ሲቀመጡም የሚጠጡት በዚያው መንገድ የመጣ ቃል ያለውን ነገር ነው፤ ቡናው ግን የራሳችን።

አዲስ ዓለም፦ የነጋዴዎቹ ሰፈር

ጊዜ የተረፈው ጎብኚ ወደ አዲስ ዓለም ይውረድ። ጎንደር በመናገሻነቷ ዘመን በሰፈር የተከፋፈለች ነበረች፤ የአቡኑ ሰፈር አቡን ቤት፣ የእጨጌው ሰፈር እጨጌ ቤት ይባሉ ነበር። ሙስሊሞቹ ነጋዴዎች ደግሞ በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ተለይተው እንዲሰፍሩ ተደርገዋል፤ እስላም ቤት ይባል የነበረው ያ ሰፈር ኋላ አዲስ ዓለም ተብሏል። መለየቱ በደል ነበር፤ የከተማዋን የሩቅ ንግድ ግን ለዘመናት የሸከሙት እነዚሁ ነጋዴዎች ናቸው። ወደ ምጽዋም ወደ መተማም ቅፍለት አስከትለው ይወርዱ ነበር። ቡና፣ ሰም፣ ዝባድ ወደ ሱዳን ሲወርድ ጥጥና ጨርቅ ሽቅብ ይወጣ ነበር። ዛሬ ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ ጭኖ ከቆላ የሚወጣው መኪና የዚያ ቅፍለት ወራሽ ነው።

ለጉዞው የሚጠቅሙ ነጥቦች

ከመነሳትዎ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከሾፌሮችና ከመናኸሪያ ያረጋግጡ። ኮኪት ከባሕር ጠለል በላይ ከ1 ሺህ ሜትር በታች ስትሆን ጎንደር ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ናት፤ ስለዚህ በስስ ሸሚዝ የሄደ ሰው ማታ ብርድ ያገኘዋል፤ ጋቢ ወይም ጃኬት ይያዙ። ወደ ፋሲል ግቢ መግቢያ ትኬት ያስፈልጋል፤ ለኢትዮጵያውያን የሚጠየቀው ዋጋ ከውጭ ጎብኚ ያነሰ ስለሆነ መታወቂያዎን አይርሱ። በሰፈሮቹ ሰው ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት ያስፈቅዱ፤ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ መስጊድ ሲገቡ የቦታውን ሥርዓት ይጠብቁ።

ጉብኝቱ ለኮኪት ምን ይጠቅማል?

የቆላው ከተሞች ገና በማደግ ላይ ናቸው። በጎንደር በእግር የተዘዋወረ ሰው ጥቂት ነገሮችን ሊያስተውል ይችላል። ወፍራም ግድግዳ ሙቀትን ይከላከላል፤ ቆርቆሮ ብቻ የለበሰ ቤት ግን በመተማ ፀሐይ ምን እንደሚሆን ነዋሪው ያውቀዋል። ዋርካው የቆመው ሳይቆረጥ የተወው ትውልድ ስለነበረ ነው። ጎዳናው ለእግረኛ የሚመቸው ሱቅ ሁሉ እስከ መንገዱ አስፋልት ስላልተገፋ ነው። እነዚህ ነገሮች ሀብት ሳይሆን ቀድሞ ማሰብን የሚጠይቁ ናቸው። መንገድ ዳር የሚገኝ አሮጌ ዛፍ ሊቆረጥ ሲል፣ የውኃ መውረጃ ቦይ በሱቅ ሊዘጋ ሲል የሚናገር ነዋሪ ያስፈልጋል።

በሚቀጥለው ጊዜ ጉዳይ ይዞ ወደ ጎንደር የሚወጣ ሰው ልጁን ይዞ ቢሄድ መልካም ነው። ልጁ በትምህርት ቤት መጽሐፍ የሚያነበውን የፋሲል ግንብ በእጁ ይነካዋል፤ አባት ወይም እናት ደግሞ ይህ ከእኛ ሰፈር በሚመጣው መንገድ ላይ ያለ ከተማ ነው ብለው ሊያስረዱት ይችላሉ።