የሞተር ብስክሌት መቀመጫ፦ ልስላሴ ብቻውን ለምን አይበቃም?

አንድ ሰው አዲስ ሞተር ብስክሌት ሲገዛ መቀመጫውን በእጁ ጫን አድርጎ «ምቹ ነው» ይላል። ሁለት ሰዓት ከተጓዘ በኋላ ግን ያው መቀመጫ እንደ ድንጋይ ይቆረቁረዋል። በየገጠሩ በሞተር ብስክሌት የሚዘዋወሩ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል። ምክንያቱ ምንድን ነው?

መልሱ የሚጀምረው ከምናውቀው ቀመር ነው፦ ግፊት ማለት ኃይል ለስፋት ሲካፈል ነው። 70 ኪሎ ግራም የሆነ ሰው ክብደቱ 686 ኒውተን ያህል ነው። ከፊሉን እጆቹና እግሮቹ ይሸከሙለታልና መቀመጫው ላይ 500 ኒውተን ያርፋል እንበል። ይህ ኃይል በ200 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ቢያርፍ ግፊቱ 25 ኪሎ ፓስካል ይሆናል፤ በ500 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ቢሰራጭ ግን ወደ 10 ይወርዳል። ስንቀመጥ አብዛኛው ሸክም የሚያርፈው በዳሌ አጥንት ግርጌ ባሉት ሁለት ጉብታዎች ላይ ነው። ከሥራቸው ያለው ሥጋ ሲጨመቅ ጥቃቅን የደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ሕመሙም ይከተላል።

መቀመጫው ሦስት ክፍሎች አሉት፦ ከፕላስቲክ ወይም ከብረት የተሠራ ወለል፣ ስፖንጅና ልብስ። ስፖንጁ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊዩሬቴን ነው፤ የዚህ ቁስ ኬሚስትሪ እ.ኤ.አ. በ1937 በጀርመናዊው ኦቶ ባየርና በባልደረቦቹ የተገኘ ነው። ስፖንጁ እጅግ ለስላሳ ከሆነ እስከ ወለሉ ድረስ ተጨምቆ ያልቃል፤ ተቀማጩም በተዘዋዋሪ ወለሉ ላይ ይቀመጣል። እጅግ ጠንካራ ከሆነ ደግሞ ሸክሙን ሁለቱ ጉብታዎች ብቻ ይሸከሙታል። ፋብሪካው አንዱን መቀመጫ ለቀጭኑም ለወፍራሙም፣ ለአጭሩም ለረጅሙም ስለሚሠራው ለማንም በልኩ አይሆንም።

እንግዲህ መቀመጫን ማሻሻል ማለት ልስላሴ መጨመር ሳይሆን ሸክሙን በሰፊ ቦታ ማሰራጨት ነው። ለዚህም የሚከተሉትን ማስተዋል ይጠቅማል፦

1. ከሥር ጠንከር ያለና እፍግታው ከፍ ያለ ስፖንጅ፣ ከላይ ቀጭን ለስላሳ ስፖንጅ መደራረብ።
2. የኋላውን ክፍል ማስፋት፤ እግር መሬት እንዲደርስ ግን የፊቱን ጠባብ አድርጎ መተው።
3. ወደ ነዳጅ ታንከሩ የሚያንሸራትት ቁልቁለት ካለ ማስተካከል።
4. ስፖንጅ ሲቆረጥ በጥቂት በጥቂቱ መቁረጥ፤ የሳሳ ስፖንጅ ቶሎ ወለሉን ይነካልና።
5. ስፖንጁ ውኃ እንዳይመጥ ከልብሱ ሥር ላስቲክ ማልበስ።

መቀመጫው በ3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል እንኳ አጭር አሽከርካሪ ሲቆም መሬት ለመርገጥ ይቸገራል፤ ሚዛኑንም ሊስት ይችላል። ስለዚህ ከሥራው በኋላ ሁለቱም እግሮች መሬት መርገጣቸውን፣ መቀመጫውም ከሻንሲው ጋር በሚገባ መቆለፉን መፈተሽ ግዴታ ነው።

በመጨረሻም፣ በጥቃቅኖቹ የደም ሥሮች ውስጥ ያለው ግፊት 4 ኪሎ ፓስካል ገደማ ብቻ ነው። ከላይ ያሰላነው ዝቅተኛ ግፊት እንኳ ከዚህ ከእጥፍ በላይ ይበልጣል። ጥሩ መቀመጫ ሕመሙን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም፤ ቀሪውን የሚፈታው በየጊዜው ወርዶ ጥቂት መራመድ ነው።